ሰው የሚያድርበት መኪና መድኑ እንደ መኪና ነው ወይስ እንደ ቤት?

የቁልቢ መንገደኛ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። ከወንድሜ ጋር ሆነን ያገለገለ ቅጥቅጥ አይሱዙ ገዝተናል። ወንበሮቹን ቀንሰን አራት አልጋ፣ ትንሽ ማብሰያ፣ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ በርሜል፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ልንገጥምበት ነው። ሐረርን፣ የባቢሌን የዝሆኖች መጠለያና አዋሽ ፓርክን ለሚያዩ እንግዶች ከነሹፌሩ እናከራየዋለን ብለን አስበናል። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ሲደርስ ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ መኪና ውስጥ ተኮራምቶ እንደሚያነጋ የምታውቁት ነው። አልጋ ያለው መኪና ፈላጊው ብዙ ነው።

የተቸገርነው በኢንሹራንሱ ነው። ከዚራ ካሉት ቅርንጫፎች ሁለቱን ጠየቅን። አንደኛው «እንደ ሕዝብ ማመላለሻ እንመዘግበዋለን» አለን። ሌላው «አልጋ አለው? አምቡላንስ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብን። ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ሁሉ የአሜሪካና የእንግሊዝ ነው፤ እነርሱ ለዚህ ዓይነቱ መኪና የራሱ መድን አላቸው። እዚህስ? ሙሉ ሽፋን ብገባ አልጋው፣ ማቀዝቀዣውና የእንግዳው ሻንጣ አብረው ይገባሉ? መኪናው ቆሞ ሰው ተኝቶበት ሳለ አደጋ ቢደርስስ በማን ላይ ነው?

አሸዋ ሰፈር

የቤት ኪራይ በዚህ ከቀጠለ ሁላችንም እዚያው መግባታችን አይቀርም። ለእኔ የታችኛውን አልጋ ያዙልኝ።

ፖሊሲ አንባቢ (ድሬዳዋ)

እህቴ፣ ጥያቄዎ መልካም ነው። እኔ በመድን ሥራ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ፤ የየትኛው ድርጅት እንደሆንኩ ግን ለዚህ ውይይት አይጠቅምም።

ሁለቱም ቅርንጫፎች ያላነሱትን ልናገር። አገራችን ውስጥ «የመኖሪያ መኪና» ተብሎ የተለየ ፖሊሲ፣ ማለትም የመድን ውል፣ በመደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ አይጠብቅዎትም። ስለዚህ ካሉት ፖሊሲዎች አንዱን ከሌላው ጋር እያያያዙ ነው የሚሠሩት፤ ክፍተት የሚፈጠረውም በመጋጠሚያው ላይ ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፤ ያለ እርሱ ቦሎ አይገኝም። ይህ መድን ግን የእርስዎን መኪና አንድ ብሎን አይጠግንም። የሚከፍለው መኪናዎ ለጎዳው ሰውና ንብረት ነው፤ ያውም እስከ ተወሰነ ጣሪያ። አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው ለአንድ ሰው ሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን ልክ ሲገቡ ይጠይቁ፤ ያም ቢሆን ከባድ አደጋ ከጣሪያው በላይ ሲሆን ልዩነቱ ከራስዎ ኪስ እንደሚወጣ ይወቁ። ብዙ ባለንብረት መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አይቶ «መድን አለኝ» ይላል።

ሙሉ ሽፋን የሚባለው ግጭትን፣ መገልበጥን፣ እሳትንና ስርቆትን ይይዛል። እዚህ ላይ ነው የእርስዎ ጥያቄ የሚነሳው፤ ፖሊሲው የሚያውቀው ሊብሬው ላይ የተጻፈውን መኪና ነው። ሊብሬው «የሕዝብ ማመላለሻ፣ ይህን ያህል ወንበር» የሚል ከሆነና ውስጡ አራት አልጋና ማብሰያ ከተገኘ፣ ጉዳት ገማቹ የሚያየው ሌላ መኪና ነው ማለት ነው። የአካል ለውጥ ሲደረግ በሚመለከተው የትራንስፖርት ቢሮ አስፈቅዶ፣ አስመርምሮ ሊብሬው ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ መድን ቢገቡ አረቦኑን፣ የመድኑን ክፍያ ማለት ነው፣ በደስታ ይቀበሉዎታል፤ ጥያቄው የሚነሳው ካሳ ሲጠይቁ ነው።

ማብሰያው፣ ማቀዝቀዣውና አልጋው ከመኪናው ጋር በብሎን የታሰሩ ከሆነ ዋጋቸው በመኪናው ዋጋ ውስጥ ተደምሮ በዝርዝር እንዲጻፍ ያድርጉ። የእንግዳው ሻንጣ፣ ካሜራና ኮምፒውተር ግን በተለመደው የተሽከርካሪ ፖሊሲ ውስጥ የሉም። ለእነርሱ የተለየ የንብረት መድን መጠየቅ ነው፤ ካልሆነም እንግዳው ራሱ የጉዞ መድን እንዲይዝ በኪራይ ውሉ ላይ ማስገባት ይቻላል።

የከዚራ ልጅ (ዴንቨር)

ከአገር ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የባቡር ጣቢያው ሰፈር ልጅ ነኝ። እዚህ ከባለቤቴ ጋር አንድ የመኖሪያ መኪና ስላለን የአሜሪካኑን አሠራር ላስረዳ።

እዚህ መኪኖቹ በሦስት ይከፈላሉ። ክላስ ኤ የሚባለው በአውቶቡስ ወይም በከባድ መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራው ትልቁ ነው። ክላስ ቢ ቫን ነው። ክላስ ሲ ደግሞ ከሹፌሩ ጋቢና በላይ አልጋ የወጣለት መካከለኛው ነው። የእናንተ ቅጥቅጥ በመጠኑ ወደ ክላስ ሲ ይጠጋል። ራሱን ችሎ በሞተር የሚሄድ ስለሆነ በአብዛኛው ግዛት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታው ነው። በመኪና የሚጎተተው ተሳቢ ቤት ግን ብዙ ጊዜ የጎታቹ መኪና ኃላፊነት ይከተለዋል።

ዋናው ልዩነት መኪናውን በምን ዓይነት ሕይወት ትጠቀምበታለህ በሚለው ላይ ነው። ለእረፍት ብቻ የሚወጣ ሰው አንድ ዓይነት ፖሊሲ ይገዛል። ቋሚ ቤቱን ሸጦ መኪናው ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ «ፉል ታይመር» የሚባለውን ይገባል፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች መለኪያ የሚያደርጉት በዓመት ከስድስት ወር በላይ መኖርን ነው። ይህኛው ለቤት የሚገባውን መድን ይመስላል፤ በርህ ላይ እንግዳ ተንሸራቶ እግሩ ቢሰበር የሚመጣብህን ኃላፊነት ይይዛል። የእረፍት ተጓዡም ካምፕ ቦታ ላይ ቆሞ ሳለ ለሚደርሰው ተመሳሳይ ነገር አነስ ያለ ሽፋን አለው። እህታችን «ቆሞ ሰው ሲተኛበት» ያሉት ጥያቄ እዚህ የራሱ ስም፣ የራሱ መስመርና የራሱ ክፍያ አለው።

ዋጋውን በተመለከተም ስትገባ ምርጫ አለህ። በአደጋው ዕለት መኪናው በገበያ የሚያወጣውን መቀበል አንድ ነው፤ እርጅናው ስለሚቀነስ አረቦኑ ይረክሳል። አስቀድመህ በተስማማህበት ዋጋ መግባት ሌላ ነው። አዲስ ለሆነ መኪና ደግሞ ፈጽሞ ቢወድም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ የሚተኩልህ አሉ።

ሰው ሁሉ የሚጣላበት ግን የጣሪያ ፍሳሽ ነው። የመኖሪያ መኪና ጣሪያ ብዙ መጋጠሚያ አለው፤ ማጣበቂያው በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ውኃ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ግድግዳው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ባለቤቱ የሚያየው ወለሉ ሲረግብ ነው። መድን ሰጪው «ይህ ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ የጥገና ጉድለት ነው» ይላል፣ በአብዛኛውም ይረታል። ዛፍ ወድቆ ጣሪያውን ቢበሳው ይከፍላል፤ ማጣበቂያው አርጅቶ ቢያፈስ አይከፍልም። እናንተ ጣሪያውን ለፀሐይ መቀበያው ልትበሱት ስለሆነ በየክረምቱ መግቢያ አስፈትሹት፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ። የድሬዳዋን ፀሐይ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

በእንግሊዝ አገር ያለውን ደግሞ ዘመድ ስላለኝ አውቃለሁ። እዚያ ምዝገባው ላይ «ሞተር ካራቫን» ተብሎ እንዲጻፍ መኪናው ከውጭ ሲታይም የመኖሪያ መኪና መምሰል አለበት፤ ውስጡ አልጋ ስለገባ ብቻ ስሙ አይለወጥም። ምዝገባው ቫን ቢልም ለውጡ እስከተነገራቸው ድረስ የሚሸፍኑ ኩባንያዎች ግን አሉ። ፖሊሲ አንባቢ ስለ ሊብሬው ያሉት እዚያም የሚያነጋግር ጉዳይ ነው።

ተስፋ የቆረጠ ባለሚኒባስ (ሐረር)

ሁላችሁም እንደ መጽሐፍ ታወራላችሁ። እኔ ለዓመታት አረቦኔን አንድ ቀን ሳላሳልፍ ከፈልኩ። ሚኒባሴ ተጋጭታ የጥገናው ፕሮፎርማ 600,000 ብር መጣ፤ ድርጅቱ ግማሹን ብቻ ከፈለኝ። ከዚያችም ላይ ተቀናሽ ብለው አነሱ። ስሙን አልጠራም፤ የጠየቅኩት ሁሉ ግን እንዲህ ዓይነት ታሪክ አለው። እህቴ፣ ገንዘብሽን ባንክ አስቀምጪ።

ፖሊሲ አንባቢ

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ መኪናዋ የገባችበት ዋጋ ስንት ነበር? አደጋው በደረሰበት ቀንስ በገበያ ስንት ታወጣ ነበር?

ተስፋ የቆረጠ ባለሚኒባስ

የገባሁት በ1 ሚሊዮን ነው። በአደጋው ሰሞን እንዲህ ዓይነቷን በ2 ሚሊዮን ይጠይቁ ነበር።

ፖሊሲ አንባቢ

እንግዲያውስ ግማሽ የተከፈለዎት በዚህ ምክንያት ነው። መኪናው ከዋጋው በታች ከተመዘገበ፣ ለጎደለው ክፍል ባለንብረቱ ራሱ እንደ መድን ሰጪ ይቆጠራል። ሁለት ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ከገባ ግማሹ ነው መድን ያለው፤ ስለዚህ ከ600,000 ብር ጉዳት 300,000 ብር ይታሰባል። ተቀናሹ፣ ማለትም ከጉዳቱ ባለንብረቱ ራሱ እንዲሸከም በውሉ የተተወው፣ የሚነሳው ከዚያ ላይ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ሲንር፣ ውላቸውን በአሮጌው ዋጋ ያደሱ ሰዎች ሁሉ እዚህ ውስጥ ወድቀዋል። በተቃራኒው ደግሞ ከዋጋው በላይ ቢያስመዘግቡ ትርፍ የለውም። የንግድ ሕጉ ቁጥር 678 ካሳው በአደጋው ዕለት ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ይከለክላል።

ተስፋ የቆረጠ ባለሚኒባስ

ውሉን ሳድስ ይህን ማን ነገረኝ? አረቦን ሲቀበሉ «ዋጋውን አስተካክል» ለማለት አፍ ያጡ ናቸው?

ፖሊሲ አንባቢ

በዚህ ላይ ልከራከርዎት አልችልም። እድሳት ሲመጣ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ገልብጦ ደረሰኝ መቁረጥ የተለመደ ነው፤ መሆን አልነበረበትም። እህታችን ግን አሁን ሰምተዋል። መኪናውን ሲያስመዘግቡ የተገዛበትን ዋጋ ሳይሆን፣ ከነሥራው ዛሬ ለመተካት የሚጠይቀውን ይጻፉ።

ፍሬን እና ፈርሲዮን

የመኪና አካል እሠራለሁ። ስለ መድን ብዙም አላውቅም፤ ስለሚቃጠል መኪና ግን አውቃለሁ። አራት ነገር አስቡ።

አንደኛ ክብደት። ሁለት መቶ ሊትር ውኃ ሁለት መቶ ኪሎ ነው። ባትሪ፣ አልጋ፣ ማቀዝቀዣና የእንጨት ግድግዳ ሲጨመር አይሱዙው ባዶ ሆኖ ሳለ ሙሉ ጭነት እንደተጫነ ነው የሚሄደው። ከሐረማያ በኩል ደንገጎን ስትወርዱ ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር ነው፤ መታጠፊያውን ታውቁታላችሁ። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ታች ሲደርስ ፔዳሉ ባዶ ይሆንበታል። በማርሽ ይውረድ። ውኃውን ደግሞ እላይ ደጋው ላይ ሳይሆን የምታድሩበት ቦታ ስትደርሱ ሙሉት።

ሁለተኛ ጋዝ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ሰውም ከአጠገቡ ይተኛል። ሲሊንደሩ ከመኝታው ተለይቶ በተዘጋ ሳጥን ይቀመጥ፤ ሳጥኑ ከታች ወደ ውጭ ቀዳዳ ይኑረው። በግንቦት ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሲሊንደር ልቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ እኔ አብሬው አልሄድም። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ ገና ከባትሪው ሥር ፊውዝ ይግባለት። አራተኛውን ረሳሁት።

ፖሊሲ አንባቢ

ወንድማችን ስለ መድን አላውቅም ይበሉ እንጂ የነገሩን ሁሉ የመድን ጉዳይ ነው። ከተፈቀደው በላይ የጫነ መኪና ካሳ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነሳበት ይኸው ነው። በተለመደው ፖሊሲ የሞተርና የኤሌክትሪክ ብልሽት፣ እርጅናና በአገልግሎት ማለቅ አይካተቱም። ጎማ ብቻውን ቢፈነዳ አይከፈልም፤ መኪናው አብሮ ከተጎዳ ግን ይታያል። የሠሩላችሁ ባለሙያ የሥራ ዝርዝር፣ ደረሰኝና ፎቶግራፍ ይስጧችሁ። ገማቹ «ይህ ማቀዝቀዣ ነበረ?» ሲል የምታሳዩት እርሱን ነው።

ወንበር ስለቀነሱ ሌላም አለ። ተሳፋሪ የሚባለው ሊብሬው በሚያውቀው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። መኪናው እየሄደ አልጋ ላይ የተኛ እንግዳ ቢጎዳ ክርክሩ ከባድ ነው። አልጋው መኪናው ሲቆም ብቻ ነው በሉ፤ በኪራይ ውሉም ይግባ።

የደወሌ ሹፌር

ጅቡቲ የምመላለስ ነኝ። መኪናችሁ ከአገር የሚወጣ ከሆነ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የሎው ካርድ ያስፈልጋችኋል፤ የሚሰጡት መድን ሰጪዎች ናቸው፤ በአገራችን አስተባባሪው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ነው። በጅቡቲ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያ፣ በሩዋንዳና በሌሎችም አባል አገሮች ይሠራል። ብዙ ሹፌር የሚሳሳተው ካርዱ የራሱን መኪና የሚጠግንለት እየመሰለው ነው። ካርዱ በሄድክበት አገር ሕግ መሠረት ለሦስተኛ ወገን ነው የሚከፍለው። የራስህ መኪና ከደወሌ ማዶ ቢገለበጥ፣ ሙሉ ሽፋንህ እዚያ ድረስ እንዲዘልቅ አስቀድመህ ካላስጻፍክ ምንም የለህም።

የቁልቢ መንገደኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል እንደምማር አልጠበቅኩም። አንድ ጥያቄ ልጨምር። በኬንያ በኩል በራሳቸው የመኖሪያ መኪና የሚመጡ ጀርመናውያን ጥንዶች ሐረር ላይ እንድናስተናግዳቸው ጽፈውልናል። የአውሮፓ መድን አለን ይላሉ። ይበቃቸዋል?

የደወሌ ሹፌር

አይበቃቸውም። የእነርሱ አረንጓዴ ካርድ፣ እንደ የሎው ካርዱ ድንበር የሚሻገር የመድን ካርድ፣ በአውሮፓና በአንዳንድ ጎረቤት አገሮች ነው የሚሠራው፤ ሞሮኮና ቱኒዚያ ድረስ ይደርሳል፣ ኢትዮጵያ ግን አይደርስም። ኬንያ ሲገቡ የሎው ካርዱን ይግዙ፤ ኢትዮጵያ የሚል መኖሩንና ቀኑ እስከ መመለሻቸው መድረሱን ይዩ። ሞያሌ ላይ ቆመው መፈለግ አያስፈልጋቸውም።

የከዚራ ልጅ (ዴንቨር)

ከአሜሪካ ወደ ሜክሲኮ የሚነዱም ይኸው ነው የሚገጥማቸው፤ የአሜሪካ ፖሊሲያቸው ድንበር ላይ ያበቃል፣ የሜክሲኮ መድን ይገዛሉ። የራሳቸውን መኪና ጉዳት በተመለከተ ጀርመን ያለው ኩባንያቸው አፍሪካን ያካትት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አያካትትም» ነው።

የመጋላ አዛውንት

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ስለ ቦታው ማንም አላነሳም። እንግዳ አሸዋ ሲያይ ይወዳል፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደግሞ ደርቆ ሲታይ ለመኪና ማቆሚያ የተነጠፈ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ያየ ሰው እዚያ መኪና አያቆምም። ከተማው ላይ ጠብታ አልወረደም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ውኃው የሚመጣው ከደጋው ነው። ያን ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው የሄደው፤ የተኙበት ነው የወሰዳቸው። መኪና ውስጥ የተኛ ሰው ደግሞ በሩን ከፍቶ እስኪወጣ ስንት ጊዜ ይወስድበታል?

ፖሊሲ አንባቢ

አባቴ፣ ትክክል ብለዋል። በመድኑ በኩል ያለውን ልጨምር፤ «ሙሉ ሽፋን» የሚለው ስም ሁሉንም ያካተተ ይመስላል እንጂ አያካትትም። ጎርፍ የሚለውን ቃል በፖሊሲው ውስጥ በጣታችሁ ፈልጉት፤ ከሌለ በተጨማሪ ክፍያ ይግባ። ሽፍታና ሽምቅ ተዋጊ የሚያደርሰው ጉዳት፣ እንዲሁም ሁከትና አመፅ፣ ብዙ ጊዜ ተለይተው የሚገዙ ተጨማሪዎች ናቸው። ወደ አዋሽ ለሚወጣ መኪና እኔ ብሆን አልተዋቸውም።

ቆሞ ሰው ሲተኛበት ለሚደርሰው ደግሞ የሕዝብ ኃላፊነት መድን የሚባለውን ጠይቁ። ሆቴሎችና የመዝናኛ ቦታዎች የሚገቡት ነው። እንግዳ ከደረጃው ላይ ቢወድቅ፣ ማብሰያው ቢያቃጥለው፣ የተሽከርካሪ ፖሊሲው «መንገድ ላይ አልነበረም» ሊል ይችላል። ሹፌሩና ረዳቱ ተቀጣሪዎች ስለሆኑ የሥራ ላይ ጉዳት ሽፋን ይኑራቸው።

ተስፋ የቆረጠ ባለሚኒባስ (ሐረር)

ይኸው አራት ፖሊሲ ሆነ። መኪናው ሳይነሳ ገንዘቡ አለቀ።

የቁልቢ መንገደኛ

ወንድሜም ልክ እንደ እርስዎ ነው ያለው። «መጀመሪያ በግል ታርጋ እንሞክረው፣ ከሠራ በኋላ ወደ ንግድ እንቀይረዋለን» ይላል። ኮድ 2 አረቦኑም ይቀንሳል አሉ።

ፖሊሲ አንባቢ

ይህን አታድርጉ። በግል ታርጋና በግል መድን እንግዳ በክፍያ የጫነ መኪና አደጋ ቢደርስበት፣ መድን ሰጪው ለምን ዓላማ ይውል እንደነበር ይጠይቃል፤ እንግዳውም የከፈለበትን ደረሰኝ ያሳያል። የንግድ ሕጉ ቁጥር 667 መድን ገቢው የሚያውቀውንና ለአደጋው ግምት የሚጠቅመውን ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው በቁጥር 668 ውሉ ይፈርስበታል፤ የከፈለውም አረቦን አይመለስለትም። ስለ ወጪው ባለሚኒባሱ ያሉት እውነት አለው። ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት ካልቻላችሁ ሦስተኛ ወገኑና ሙሉ ሽፋኑ ይቅደሙ፤ የሕዝብ ኃላፊነቱ ግን የመጀመሪያው እንግዳ ከማደሩ በፊት ይድረስ። የሻንጣው ይቆይ።

አደጋ ቢደርስ ደግሞ በአምስት ቀን ውስጥ አሳውቁ። መኪናውን ትራፊክ ፖሊስ ሳያየው አታንሱት፤ ለሌላው ወገን «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ፤ ጋራዥም ገማቹ ሳያይ ሥራ አይጀምር።

ፍሬን እና ፈርሲዮን

አራተኛው ትዝ አለኝ፤ የእሳት ማጥፊያ። ከኋላ አታስቀምጡት፤ ከበሩ አጠገብ ይሁን።

የቁልቢ መንገደኛ

ገባኝ። ኮድ 3 ይሁን፤ ሊብሬው ከተስተካከለ በኋላ እንገባለን። ግን የማመልከቻ ቅጹን አየሁት፤ ስለ መኝታ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ሞዴል፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የወንበር ብዛት ብቻ ነው። የት ላይ ነው የምናገረው?

ፖሊሲ አንባቢ

ከታች ባዶ ቦታ አለ። እዚያ በእጅዎ ይጻፉ፦ «አራት አልጋ፣ የጋዝ ማብሰያ፣ የፀሐይ ኃይል ባትሪና የውኃ በርሜል የተገጠመለት፣ እንግዶች በክፍያ የሚያድሩበት»። ቦታው ካልበቃ ደብዳቤ አያይዙ። ቅጂው ላይ «ደርሶናል» ተብሎ ማኅተም ይረፍበት፤ ቅጂውንም መኪናው ውስጥ ሳይሆን ቤት ያስቀምጡ። ፖሊሲው ሲወጣ ያ ዓረፍተ ነገር ካልሰፈረበት መልሰው ይስጧቸውና ኢንዶርስመንት የሚባለውን የማሻሻያ ወረቀት እንዲያወጡ ይጠይቁ። «በቃል ተነጋግረናል» የሚል ሠራተኛ ነገ ሊዛወር ይችላል።

ጠዋት ይሂዱ። ከቀትር በኋላ በዚህ ሙቀት ፖሊሲ የሚያነብ ሰው አያገኙም።